ከአፍንጫ እስከ ደም፦ የመነጽር ቤት ወሬ

እንጀራዬ ያለው ሰው አፍንጫ ላይ ነው። መሐል አዲስ አበባ መነጽር ቤት እሠራለሁ። ዓይን መርማሪዋ ቁጥሩን ጽፋ ትልካለች፤ እኔ ፍሬም አስመርጣለሁ፣ እለካለሁ፣ ጆሮ ላይ የሚሰካውን ዘንግ በሙቅ አየር አለስልሼ አስተካክላለሁ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት በቅርብ ሲያዩ መዋል ነው። የገዛ ባሉ ወይም ሚስቱ እንኳ እንዲህ ተጠግተው ያላዩት ሰው ስንት አለ መሰላችሁ!

ከውጭ የሚገባው ፍሬም ብዙው የተቀረጸው አጥንቱ ወጣ ላለ ጠባብ አፍንጫ ነው። አፍንጫው ከዓይኖቹ መሐል ዝቅ የሚል ሰው ሲያደርገው ይንሸራተታል፣ ጉንጩን ይነካዋል፣ ሲስቅ ከፍ ዝቅ ይላል። ፋብሪካዎቹ ለምሥራቅ እስያ ገበያ ሌላ ቅርጽ ያወጣሉ፤ አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ክፍል ወፈር ያለ። እኛ ጋ ግን እሱ ፍሬም ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። ደንበኛው ደግሞ ጥፋቱን ወደ ራሱ ያዞራል። «አፍንጫዬ እኮ ለመነጽር አይሆንም» ይላል። አፍንጫዎት ምንም አልሆነ፣ ፍሬሙ ነው ለሌላ ሰው የተሠራው እላለሁ።

ፊት ለፊት ስንቀመጥ ሰው ዝም ማለት ይከብደዋል። ወሬው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ያርፋል። «ልጄ፣ የየት አገር ሰው ነሽ?» ይሉኛል አባቶች። «እስቲ ይገምቱ» እላለሁ። ጎንደር ይሉኛል። ሐረር ይሉኛል። አንዱ በእርግጠኝነት «አድዋ!» ብለውኝ ነበር፤ ከአፍንጫዬ በስተቀር ሁሉ ነገሬ እንደሚናገር ጭምር። አባቴ ወሎዬ ነው። እናቴ ጋሞ ናት፣ ጨንቻ ተወልዳ ያደገች። ታናሽ ወንድሜ ጠይም ሆኖ ወደ ጥቁር ያደላል፤ አፍንጫው ግን ሰልካካ ነው። እኔ የቀይ ዳማ ነኝ፤ አፍንጫዬ የእናቴ ነው፣ አጠር ሰፋ ያለ። ያደግነው አንድ ግቢ ውስጥ ነው፣ አንድ ፀሐይ እየሞቅን። እህትና ወንድም ነን ስንል ግን ሰው ይስቃል።

መልክ አይቶ ዘር የሚቆጥር ሰው እያንዳንዱ የአካላችን ክፍል አብሮ፣ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ቦታ የመጣ ይመስለዋል። የቆዳችን ታሪክ ሌላ ነው፣ የአፍንጫችን ሌላ፣ የደማችን ደግሞ ሌላ። ይህን ነው ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሥራዬ ስለሆነ ከአፍንጫ ልጀምር። አፍንጫ ለማሽተት ብቻ አይደለም። የምንስበው አየር ሳንባ ከመድረሱ በፊት የሚሞቀውና የሚረጥበው እዚያ ነው። አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ በሆነበት አገር ጠበብ ያለ ቀዳዳ ይጠቅማል፤ አየሩ ከውስጠኛው እርጥብ ግድግዳ ጋር በደንብ እየተነካካ ያልፋል። ሞቃትና እርጥብ አገር ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። አርተር ቶምሰን የተባለ የኦክስፎርድ የአናቶሚ ምሁር ይህን ካለ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በ2017 ደግሞ የፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን በካሜራና በኮምፒውተር ለኩት። ዘራቸው ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከደቡብ እስያ፣ ከምሥራቅ እስያና ከሰሜን አውሮፓ የሆነ ሰዎችን አፍንጫ አነጻጸሩ። የቀዳዳው ስፋት በእርግጥም አያቶቻቸው ከኖሩበት አገር ሙቀትና እርጥበት ጋር ይሄዳል።

ብዙ ሰው ወሬውን እዚህ ላይ ያቆማል። የሚጥመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከለኳቸው ነገሮች ውስጥ ልዩነቱ በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ የተገኘው የስፋቱ ነገር ብቻ ነው። ርዝመቱ፣ ወደ ፊት መውጣቱ፣ እነዚህ ምንም የአየር ጠባይ ሳይገፋቸው ከትውልድ ትውልድ እንዲሁ በዕጣ ሊለያዩ የሚችሉ ናቸው። «ሰልካካ» እያልን ዘፈን የምናወጣለት አፍንጫ ግማሹ ሎተሪ ነው ማለት ነው። ስፋቱንም ቢሆን አየሩ ብቻውን አልሠራውም፤ ሰው የትዳር ጓደኛ ሲመርጥ የሚያየው ነገርም እጁ ሳይኖርበት አይቀርም ብለዋል። የኢትዮጵያ አፍንጫ በጥናቱ አልተካተተም። እኔ ዘንድ ቢመጡ ሰልፍ አሰልፍላቸው ነበር።

አሁን ወደ ቀለም። «ደገኛ ቀላ የሚለው አገሩ ብርድ ስለሆነ ነው፤ ቆለኛውን ሙቀት ነው ያጠቆረው።» ይህን ያልሰማ የለም። ታክሲ ውስጥ ይባላል፣ ትምህርት ቤት ይባላል። ችግሩ ቆዳ ከሙቀት ጋር ጉዳይ የለውም። ጉዳዩ አልትራቫዮሌት ከሚባለው፣ በዓይን ከማይታየው የፀሐይ ጨረር ጋር ነው። ይህ ጨረር ደግሞ ከፍ ባልን ቁጥር ይብሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እኔ መነጽር ሻጭ ስለሆንኩ ይህን ቁጥር በቃሌ ነው የምይዘው። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የሚንቀጠቀጠው ሰው ፊት ላይ የሚያርፈው ጨረር፣ ጋምቤላ ላብ ካጠመቀው ሰው ይበልጣል። ነገሩ የጨረሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደገኛው ነበር ይበልጥ መጥቆር ያለበት።

በዓለም ደረጃ ሲታይ ቀለምና ጨረር ዝምድና እንዳላቸው አያጠራጥርም። ኒና ጃብሎንስኪና ጆርጅ ቻፕሊን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 ያወጡት ማብራሪያ እስካሁን ዋናው ነው። ጨረር ሲበዛ ሰውነት ውስጥ ያለውን ፎሌት ያበላሻል፤ ፎሌት ነፍሰ ጡሮች በኪኒን የሚወስዱት፣ ለፅንሱ አከርካሪና አንጎል የግድ የሚያስፈልገው ነገር ነው። ጥቁር ቆዳ ይህን ይጠብቃል። ጨረር ሲያንስ ደግሞ ቆዳ ቫይታሚን ዲ መሥራት ያቅተዋል፣ አጥንት ይልፈሰፈሳል። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሄደው ሰው ቆዳው በብዙ ሺህ ዓመት እየነጣ መጣ። ግን ቶሎ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ቼዳር ከሚባል ቦታ የተገኘው፣ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖረ ሰው ዲኤንኤው ሲመረመር ቆዳው ጠቆር ያለ፣ ዓይኑ ግን ፈካ ያለ ሳይሆን እንዳልቀረ በ2018 ተነግሯል። የዛሬው የእንግሊዝ ንጣት ከሰማዩ ብቻ የመጣ አይደለም ማለት ነው። ኋላ ከምሥራቅ የመጡ ሰዎችም ይዘውት ገብተዋል።

የኛም ደጋ መልስ ያለው እዚያው ነው፣ ከሰው እንቅስቃሴ። ኤስኤልሲ24ኤ5 የሚባል ዘረ መል አለ። ስሙ የመኪና ታርጋ ይመስላል፣ ግን ልብ በሉት። በ2005 መጀመሪያ ትኩረት የሳበው በአንዲት ጣት በማታክል ዝንጉርጉር ዓሣ ላይ ነው፤ እሱ ሲበላሽ ዓሣዋ ትገረጣለች። ሰው ላይም አንዷ የዘረ መሉ ዓይነት ቆዳን ቀላ ታደርጋለች፤ አውሮፓ ውስጥ የሌለባት ሰው የለም ማለት ይቻላል። በ2017 ሳራ ቲሽኮፍ የምትመራው ቡድን በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በቦትስዋና የብዙ ሰዎችን የክንድ ውስጠኛ ቆዳ በብርሃን መለኪያ ለካ። እዚያ ቦታ የመረጡት ፀሐይ ስለማይነካው ነው። እጅግ ጥቁሮቹ የናይሎ ሰሃራ ቋንቋ ተናጋሪ አርብቶ አደሮች ሆኑ፤ ቀላ የሚሉት ሳን የሚባሉት የቦትስዋና ሕዝቦች። ያቺ የምታቀላው ዓይነትም ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት ተገኘች። የመጣችው ከምዕራብ እስያ በኩል ነው።

መቼ? ሌላ፣ በ2012 የወጣ ጥናት እንደሚለው በሰሜንና በመሐል ኢትዮጵያ ብዙ ሕዝቦች ውስጥ ያለው ከውጭ የመጣ የዘር ድርሻ የተቀላቀለው ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳየን ደግሞ የእናቴ አገር ሰው ነው። በ2012 ጋሞ ደጋ ላይ፣ ሞታ ዋሻ ውስጥ፣ ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው አጽም ተገኘ። ባይራ አሉት፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። በ2015 ዲኤንኤው ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ ከጥንት አፍሪካዊ እንዲህ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ዓይኑ ቡናማ ነው። ያቺ የምታቀላው ዓይነት የለችውም። ከምዕራብ እስያ የመጣ ዘርም የለበትም። ደጋ ላይ ነበር የሚኖረው፣ ብርዱም ያው ብርድ ነበር።

ቲሽኮፍ ያገኘችው ሌላ ነገር ደግሞ ሁሉንም ወገን ዝም የሚያሰኝ ነው። ቆዳን ከሚያጠቁሩትና ከሚያቀሉት የዘረ መል ዓይነቶች አብዛኞቹ ከ300,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ሁለቱም ዓይነት አፍሪካ ውስጥ ጎን ለጎን የኖሩ ናቸው። እናትና አባት ከሁለቱም ቀላቅለው ይይዛሉ፤ ልጅ ሲወለድ ማን ምን እንደሚደርሰው አይታወቅም። እኔና ወንድሜን ያየ ሰው ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም።

ስለ ፀጉር አጭር ነገር። በ2023 ቲና ላሲሲና ባልደረቦቿ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ አሻንጉሊት ጭንቅላት ላይ የተለያየ ዊግ እያደረጉ እንደ ፀሐይ የሚያሞቅ መብራት አበሩበት። ሉጫም፣ ዞማም፣ ከርዳዳም ሁሉም ከራሰ በራ ይሻላሉ። ከሁሉ አብልጦ የፀሐይን ሙቀት የከለከለው ግን ጥቅልል ያለው ከርዳዳ ፀጉር ነው። እኛ በየቅዳሜው ፀጉር ቤት ገንዘብ ከፍለን በካውያ የምንጠብሰው እሱኑ ነው።

ቁመትንም ላንሳ። ሌንስ የሚቆርጥልን ልጅ ኑዌር ነው። መለሎ ነው፣ ክንዱ ያለ ምንም መሰላል መደርደሪያው ጫፍ ላይ ይደርሳል። ደንበኛ ሁሉ «ባስኬት ትጫወታለህ?» ይለዋል። አንድ ቀን «አይ፣ ሌንስ ነው የምቆርጠው፤ የእርስዎን» ሲል ሰምቼ ጓሮ ገብቼ ነው የሳቅኩት። ጆኤል አለን የተባለ አሜሪካዊ በ1877 ስለ እንስሳት የጻፈው ነገር እዚህ ይሠራል። ሞቃት አገር ያለ አካል ዘንግ ዘንግ ይላል፤ እጅና እግር ሲረዝም ከክብደቱ አንጻር ቆዳው ይበዛና ሙቀቱን በቀላሉ ያወጣል። ብርድ አገር አካል ሰብሰብ ይላል፤ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩትን ኢኑይቶች ማየት ነው። ግን ቁመት ላይ ምግብም፣ በልጅነት መታመምም አለበት። ቁመት ብቻ አይቶ «ይሄ የአየሩ ሥራ ነው» ማለት ችኮላ ነው።

እስካሁን ያወራሁት በዓይን የሚታየውን ነው። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የማይታየው ነው።

ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቆለኛ ሰው ሰሜን ተራራ ሲወጣ ራሱን ያመዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ትንሽ ከቆየ ሰውነቱ ሄሞግሎቢን ያበዛል፤ ኦክስጅን ተሸካሚውን የደም ክፍል ማለት ነው። የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ሰዎች እንዲህ ነው የኖሩት፣ ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ብሎ። ደማቸው ስለሚወፍር አንዳንዶቹን ቆይቶ ያሳምማቸዋል። የቲቤት ሰዎች ሌላ መንገድ ይዘዋል፤ ደማቸው አይወፍርም፣ ኦክስጅኑ ግን ዝቅ ያለ ነው። ይህን የሚያደርግላቸው ዘረ መል ዴኒሶቫን ከሚባሉ፣ ከጠፉ ጥንታዊ የሰው ዘመዶች የወረሱት መሆኑ በ2014 ታውቋል።

ሲንቲያ ቢል የምትባል ተመራማሪ ሁለቱንም ካጠናች በኋላ ሰሜን ተራራ መጣች። በ2002 ያወጣችው ውጤት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ገበሬዎችን ደም ይመለከታል። ሄሞግሎቢናቸው ባሕር ዳርቻ እንደሚኖር ሰው ነው። ከሄሞግሎቢናቸው ኦክስጅን የያዘው ደግሞ 95 በመቶ ገደማ ነው፣ ከባሕር ዳርቻ ሰው እምብዛም የማይርቅ። እንደ አንዲስም አይደለም፣ እንደ ቲቤትም አይደለም። ሦስተኛ መንገድ ነው፤ የሚሠሩት ዘረ መሎችም በብዛት ሌሎች ናቸው።

በ2012 የወጣ ጥናት ደግሞ ሰሜን ተራራንና ባሌን አነጻጸረ። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት አማሮቹ በከፍታ ቢያንስ 5,000 ዓመት ኖረዋል፤ ኦሮሞዎቹ ወደ ባሌ ከፍታ የወጡት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። የባሌዎቹ ሄሞግሎቢን ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፣ ኦክስጅናቸው ደግሞ ዝቅ ያለ። እንግዲህ አንድ የሰሜንና አንድ የባሌ ገበሬ አምጥታችሁ እኔ ፊት ብታስቀምጡ፣ የቱ የየት እንደሆነ በአፍንጫው ልለይላችሁ አልችልም። አያቶቻቸው ተራራው ላይ የቆዩበትን ዘመን የሚናገረው ከጣታቸው የሚወጣው ጠብታ ነው።

ባሌም ቢሆን ያለ ሰው አልኖረም። ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፣ 3,469 ሜትር ላይ። ከ47,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰዎች እየወጡ እዚያ ይሰነብቱ ነበር፤ የባሌን ግዙፍ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። አጥንቱና አመዱ ተገኝቷል። ዛሬ ያን ፍልፈል የሚበላው ቀይ ቀበሮ ነው። ያን ጊዜ ፍልፈል ይጠብሱ የነበሩት ሰዎች ምን ዓይነት መልክ ነበራቸው? ገምቱ ብባል አልገምትም።

የአክስቴ ልጅ ስቶክሆልም ነው የምትኖረው። እዚያ ለሕፃን ሁሉ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ይሰጣል፣ ሁለት ዓመት እስኪሆነው። ልጇ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነርሷ «እናንተ ቀጥሉ» አለቻት። ለምን ስትል፣ ቆዳው ጠቆር ስለሚል። ተናዳ ደወለችልኝ። «ለነሱ ልጆች ይበቃል፣ ለኔ ልጅ ለምን?» ነርሷ ልክ ነች አልኳት። ስቶክሆልም ከምድር ወገብ 59 ዲግሪ ወደ ሰሜን ናት። በክረምታቸው ወራት የሚመጣው ፀሐይ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት አይበቃም፤ ለነጩም አይበቃም። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ በበጋውም ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ልጁ ስዊድን ተወልዷል፣ ስዊድንኛ ያወራል፣ በረዶ ላይ እንደ ልቡ ይሮጣል። ቆዳው ግን የወሎ ፀሐይ እንደምትወርድበት አድርጎ ነው የሚሠራው። ከኢትዮጵያ እስራኤል የገቡ ወገኖቻችን ላይም ሐኪሞች የቫይታሚን ዲ እጥረት አግኝተዋል፤ እዚያ እኮ ፀሐይ ሞልቷል። ኑሮው ነው ቤት ውስጥ ያስገባቸው።

አዲስ አበባም ከዚህ አታመልጥም። ፀሐይ በር ላይ እያለ ልጅ ተጠቅልሎ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይውላል፤ ከዚያ እግሩ ቆልመም ይላል። ጤና ጣቢያ ሁሉ «ጠዋት ጠዋት ልብሱን አውልቃችሁ ፀሐይ አሙቁት» የሚሉት ለዚህ ነው። አክስቴም ይህንኑ በየስልኩ ለልጇ ትነግራታለች። ባለፈው ጥር ስልኩ ክፍት ሆኖ ሰማኋቸው።

«ልጁን ፀሐይ ታሞቂዋለሽ?»

«እማዬ፣ ፀሐይ የለም እኮ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው የምትጠልቀው።»

«እና ፀሐይ የሌለበት አገር ምን ልትሠሪ ሄድሽ?»